ከዛፉ ሥር ያለው ምንጣፍ

«ከሥሩ ንቀይው እትዬ። ቅጠሉን ብቻ ከገነጠልሽው ተመልሶ ያቆጠቁጣል» አለች ታናሽ እህት፣ በረንዳው ላይ እግሯን አነባብራ።

ታላቋ ተንበርክካ ትነቅላለች። ሠላሳ ዓመት ችግኝ ጣቢያ የሠራች ሴት ናት፤ የሥር ነገር ለእሷ አይነገራትም። ባሏ ሞቶባት እህቷ ግቢ ካለችው የኋላ ክፍል ስትጠጋ፣ ከዚህ ትልቅ ዛፍ ሥር ሣር እንኳ አይበቅልም ነበር። ከጫካ ዳር አንድ እፍኝ የሐረግ ችግኝ አመጣች። አገር በቀል ነው፤ ጥላ የሚወድ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ አንዴ ከያዘ ዓመት ከዓመት የማይደርቅ። በመጀመሪያው ዓመት አኮረፈ፣ በሁለተኛው አንድ ክንድ ሄደ፣ በአምስተኛው ዛፉን ዞረው። ነጭ አበባው ሲፈካ ንቡና ቢራቢሮው ከየት እንደሚመጣ እንጃ። «ምንጣፌ» ትለዋለች።

«ነገ ሲሚንቶ ይፈስበታል፤ መኪና ማቆሚያ ልናደርገው ነው» ብላት ነበር ታናሿ ጠዋት። «ሠራተኛ ከሚቦጫጭቀው አንቺ ንቀይው፤ ያንቺ እጅ ያውቀዋል።» ታላቋም እሺ አለች። በሰው ግቢ እሺ ካላሉ የት ይኬዳል?

አንዲት ጥግ ስትቀራት ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ ቆመች። ትንሽ ጎጆ፣ ውስጡ ሦስት የወፍ እንቁላል፣ እያንዳንዳቸው አውራ ጣት የማያክሉ።

«ሚጡ፣ ወፍ ጥላበታለች። ይህቺን ጥግ ሁለት ሳምንት ብቻ እንተውላት።»

ታናሽ ወርዳ ጎንበስ ብላ አየች። «ውይ፣ ሲያምሩ» አለች፤ ከልቧ ነው። ከዚያ በጫማዋ ጫፍ ጎጆውን ወደ ተነቀለው ክምር ገፋ አደረገችው። «አንቺ እኮ ድሮም ሆደ ባሻ ነሽ።»

ታላቋ የቀረውን ነቀለች። ይህቺን ልጅ ጡት ብቻ ነው ያላጠባቻት።

«ጎበዝ። አሁን የክፍሉን ቁልፍ ስጪኝ።»

«የቱን ክፍል?»

«ያንቺን ነዋ። ሲሚንቶው ዝናብ እንዳይመታው የት ላግባው? ለወንድማችን ደውዬለታለሁ፤ ማታ ይጠብቅሻል።»

«ሥራው ሲያልቅስ እመለሳለሁ?»

ታናሽ ሰዓቷን አየች።

«ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠዋትማ ብነግርሽ፣ ይህን ሁሉ ማን ይነቅልልኝ ነበር?»

ቁልፉ በክር አንገቷ ላይ ነው። ቋጠሮውን ልትፈታ ሞከረች፤ ጣቶቿ ከሥር ጋር ሲታገሉ ውለው አልታዘዝ አሏት። ታናሿ ከኋላዋ ዞረች። ሻሿን ቀስ ብላ ከፍ አደረገችላትና ክሩን በረጃጅም ጥፍሮቿ ትፈታው ጀመር።

«ቀና አትበይ እትዬ፤ ያምሻል።»

ታላቋ አንገቷን ደፍታ፣ እህቷ ፈትታ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።