እጅ የሚይዘው ቤት

ብርጭቆው ከሸዋዬ እጅ ወድቆ ተሰበረ...

ማንም አልነካትም። ጣቶቿ በራሳቸው ጊዜ ተፈቱ።

የአሠሪዋ የኡባህ እናት፣ እማማ ዓናብ፣ ከምንጣፉ ላይ ሆነው አዩዋት። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛ ይችላሉ።

«ይቺንም ያዛት» አሉ ቀስ ብለው።

«ማን ነው የያዘኝ እማማ?»

«ከአንቺ በፊት የነበረችውንም ቀኝ እጇን ነው የያዛት። ስሙ አይጠራም... አዑዙ ቢላህ።»

ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ነው ቤቱ። ኡባህ ክፍሎች ለእንግዳ ታከራያለች። ሸዋዬ ደግሞ ወፍራም ወፍራሙን ብርድ ልብስ በእጇ አጥባ ትጨምቃለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ባሰ...

ማንኪያ ይወድቃል። የበር እጀታ አልዞር ይላታል።

ቀትር ላይ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰፈሩ ጭር ሲል፣ ባዶዎቹን ክፍሎች ስትጠርግ ከኋላዋ ሰው የቆመ ይመስላታል... ዞር ትላለች።

ማንም የለም። መጥረጊያው ግን ከእጇ ወድቋል።

ከአገር ቤት ይዛ የመጣችውን ጸበል ተቀባች። እማማ ዓናብም ቁርኣን ቀሩላት። እጇ ግን ያው ነው።

በመጨረሻ የቀድሞዋን ሠራተኛ፣ ሀረገወይንን ለመፈለግ ወጣች። «እጇ ሽባ ሆኖ ሄደች» ነበር የሚባለው።

እዚያው ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አገኘቻት... ትልቅ ድስት በሁለት እጇ ስታወርድ።

ሸዋዬ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ለቀቀሽ እንዴ?»

«ማን?»

«ያ... የቤቱ።»

ሀረገወይን መጥታ የሸዋዬን ክርን በውጭ በኩል፣ አጥንቱ ላይ ጫን አደረገችው። ሸዋዬ ጮኸች።

«እኔም ጋኔን መስሎኝ ነበር። ክሊኒክ ስሄድ ቴኒስ ኤልቦ ነው አሉኝ።»

«እኔ ቴኒስ መቼ ተጫወትኩ?»

«እኔስ? ብርድ ልብሱ ነው እህቴ። እየጠመዘዝን እየጠመዘዝን የክርናችን ጅማት ይጎዳል፤ ያኔ እጅ መጨበጥ ያቅተዋል። አሳረፍኩት፣ ያሳዩኝን እንቅስቃሴ ሠራሁ። ወራት ፈጀ እንጂ ተሻለኝ።»

ሸዋዬ ለኡባህ ልትነግራት ተመለሰች። ታባርረኛለች ብላ ፈርታለች።

እማማ ዓናብ አስተረጎሙላት። ኡባህ ሁሉንም ሰማች።

«ከእንግዲህ አትጨምቂው» አለች። «ገመድ ላይ አብረን እንሰቅለዋለን፣ ፀሐይ ያድርቀው። ነገ ደግሞ ክሊኒክ እወስድሻለሁ።»

እማማ ዓናብ ግን ይህን የኡባህን ቃል ለሸዋዬ ሳያስተረጉሙላት ቀሩ...

ቀኝ እጃቸውን አፍጥጠው እያዩ ነበር።

«ሠራተኛ ሳንቀጥር የምጨምቀው እኔ ነበርኩ» አሉ ለሸዋዬ፣ ልጃቸው በማትሰማው አማርኛ። «ኡባህ ሕፃን ሆና ከዚህ እጄ ወድቃለች። ሕመሙ ከለቀቀኝ ስንት ዘመኑ... እኔ ግን ያደረብኝ ይተላለፍባቸዋል ብዬ የልጅ ልጆቼን አንድም ቀን አላቀፍኩም።»

ሸዋዬ ይህን እንደምንም በሰባራ ሶማሊኛዋ ለኡባህ ነገረቻት።

ኡባህ የተኛችውን ትንሿን ልጇን አንስታ እናቷ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠቻት።

አሮጊቷ ወደ ደረታቸው አስጠጓት... ክንዳቸውም አልለቀቃትም።

ወዳጆቼ፣ ምንነቱን ያልጠየቅነው ሕመም ጋኔን ሆኖ አብሮን ይኖራል። እጃችሁ ሲዝል አሳርፉት፣ ከባዱን ሥራ ተጋገዙ፣ ሕመሙ ሳይጠና ሐኪም ዘንድ ታዩ።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ ቤት ከባዱን የሚጨምቀው ማን ነው? እጁን እንዴት እንደሚያደርገውስ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?