ጀርባ ለጀርባ

ከጅዳ የተመለሰችው አርዋ ስልኳን ሟች ጓደኛዋ ባሲማ ለአባቷ ለሸህ ሙእሚን ከላከችው ስልክ ጋር ጀርባ ለጀርባ አጋጠመችው። የባሲማ መቃብር ፎቶ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው ሁለቱ ስልኮች ተጠጋግተው ሲቆዩ ብቻ ነበር። ሸህ ሙእሚን ግን ፎቶው መጣ ብለው ስልካቸውን ገለበጡትና ስልኮቹ ተላቀቁ።

«ትንሽ ብቻ ያጽኑት፣ አባቴ» አለቻቸው። ወደ ከላላ የሚሄደው ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ ይጠራት ነበር።

ሸሁ «ያ ረቢ!» ብለው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። በመጨረሻ ስልኩ ጢን አለ። ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ስም የሌላቸው የአሸዋ ጉብታዎች ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል።

«አልሐምዱሊላህ። የቷ ናት የኔ ልጅ?»

አርዋ አቀረቀረች። «መቃብሩ ውስጥ ሴት አያስገቡም። ከበሩ ላይ ሆኜ ነው ያነሣሁት። እኔም አላውቀውም፣ አባቴ።»

ሸሁ አውራ ጣታቸውን ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው አዛወሩ። የቱ ላይ ዱዓ እንደሚያደርጉ ጨነቃቸው።