አረንጓዴዋ መብራት

ልቦለድ ለመጻፍ የምንሞክር ሁሉ ደረታችን ላይ የምንሰካት አዝራር አለች። ለመጽሐፍ የሚሆን ንግግር ስትሰማ ትቀዳለች። ሰው እንዲያውቅ ሕጉ ስላስገደደ ደግሞ አረንጓዴ ታበራለች። ጓደኞቼ ሲያዩዋት ወሬ ይቀይራሉ።

ትናንት አባባ ሽንኩርት እየላጠ፣ ስለ ሞተው ታናሽ ወንድሜ ስለ ኪሩቤል ለመጀመሪያ ጊዜ አወራኝ። አዝራሯን መንቀል እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ አልነቀልኳትም።

«ጫማውን ለማንም አልሰጠሁም» አለ። «ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ቀለም እቀባለታለሁ።»

አዝራሯ በራች። በመዳፌ ብሸፍናት በጣቶቼ መሃል አበራች። አባባ አያት። ቢላውን አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እሱ ግን ወደ አዝራሯ ጎንበስ አለና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ልጄ፣ በደንብ ካልያዘችው ልድገምልሽ?» አለኝ።