ወፍጮ የመሰለው ለቅሶ

በየቤቱ ግድግዳ ላይ አለስላሽ የሚባለው መሣሪያ በአዋጅ ከተሰቀለ ወዲህ፣ መሪር ድምፅ ሁሉ ጆሮ የሚደርሰው እሹሩሩ ሆኖ ነው። አሰለፈች ባሏን ተካልኝን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ኡኡ ብላ ስታለቅስ፣ አዲሷ ጎረቤቷ ብቅ ብላ "ዜማዎ ደስ ይላል እትዬ" ብላት ሄደች።

ልጇ ሊሻን ሜታል የሚባለው፣ እያጓሩ የሚዘፍኑት ሙዚቃ ዘፋኝ ናት። ስለ መቃብርና ስለ ሙታን ስትዘፍን የሚያጅቧት በገናዎችና ቫዮሊኖች በአለስላሹ እሹሩሩ ይሆናሉ። ከሆዷ የምታጓራው ብቻ እንዳለ ይሰማል፤ መሣሪያው ወፍጮ ይመስለዋል፣ ወፍጮ ደግሞ አልተከለከለም።

አሰለፈች ዕድሜ ልኳን "የሰይጣን ጩኸት" ስትለው የኖረችው ዘፈን የሚወጣበትን የልጇን ክፍል ዛሬ አንኳኳች።

"አንቺ ልጅ፣ ማጓራቱን አስተምሪኝ።"

ሊሻን የእናቷን እጅ ይዛ እዚያው እናቷ ሆድ ላይ አስቀመጠችላት። "ጉሮሮሽን ተይው እማዬ። ከዚህ አውጪው።"

መጀመሪያ ሳል ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረች፣ ደግሞም ሞከረች። በመጨረሻ "ተካልኝ" ስትል የቡፌው ብርጭቆዎች ተንቃጨሉ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች።

"ለካ ለቅሶ ኖሯል" አለች። "እኔም አልቅሼ የምጠራው ሰው አለኝ፤ ያስተምሩኝ።"