የእጮኛሞቹ መጠይቅ

ለሠርጋቸው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፎርማኑና ፋርማሲስቷ የጋብቻ አማካሪዋ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አማካሪዋ ቤታቸው ወስደው የሞሉትን የጠባይ መጠይቅ አይታ ጨርሳ ነበር።

"መጠይቁ ሰውን ከሚከፍልባቸው ዘጠኝ ዓይነቶች እርስዎ ስምንተኛው ነዎት፤ አዛዡ" አለችው ፎርማኑን። "እጮኛዎ ደግሞ ዘጠነኛዋ፤ ሰላም ፈላጊዋ።"

ፎርማኑ ከት ብሎ ሳቀ። "ድስትና ግጣሙ ነን በሉኛ! እሷ እንደሆነች አፍ አላት፣ ምላስ የላትም።" እጁን እጮኛው ማጅራት ላይ አሳረፈ። ፋርማሲስቷም ፈገግ አለች።

አማካሪዋ ግን አልሳቀችም። ሁለቱን ወረቀቶች አጠገብ ላጠገብ ዘረጋቻቸው። የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው።

"የእሷን ማን ሞላው?"

"እኔ ነኛ!" አለ ፎርማኑ። "ምን እንደምትመልስ ከራሷ በላይ አውቃለሁ።"

አማካሪዋ አዲስ መጠይቅ አውጥታ ለፋርማሲስቷ ሰጠቻትና እሱን ውጪ እንዲጠብቅ ጠየቀችው። ፈገግታው ሳይጠፋ ተነሣ፤ የእጮኛውንም ቦርሳና ስልክ ይዞ ወጣ። "ቶሎ ጨርሺ፣ የኔ ቆንጆ። በሩ ላይ ነኝ።"

ፋርማሲስቷ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች፦ "ሲከፋዎት ለማን ይናገራሉ?" እስክሪብቶው ወረቀቱን እንደነካ ቆመ። በበሩ ደብዛዛ መስታወት የፎርማኑ ትከሻ ይታያል፤ ንቅንቅ አላለም። እስክሪብቶውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ አማካሪዋ ጠጋ አለች።

"እትዬ፣" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ይሄ ቢሮ ሌላ በር አለው?"