ከዚህ አልተኩስም

ሦስተኛዋ መርፌ በከሰል ከተሰመረው ክብ ወጥታ የጆንያው ጠርዝ ላይ ትሰካለች። ሪሃብ በታመቀ አየር መርፌ የሚተኩሰውን ጠመንጃ ዝቅ አድርጋ ወደ ጆንያው ትሄዳለች። ውሃ የተሞሉትን የመለማመጃ መርፌዎች ነቅላ ትመለሳለች።

«አሁንም ከመጀመሪያው ነው፣ ዶክተር?» ይላል ፖሊሱ አምሐ። ክላሹን ከትከሻው አውርዷል።

«ከመጀመሪያው።»

ከፊታቸው፣ ጣሪያው ገና ባልወጣ መጋዘን ውስጥ፣ አንድ ቀይ በሬ ግንቡን በቀንዱ ይደበድባል። ጧት ዘንዘልማ መንደር ዳር ሲግጥ የአጥር ሽቦ ቀንዱና አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። በተወራጨ ቁጥር ሽቦው ሥጋው ውስጥ ይገባል። እዚህ ሸሽቶ ሲገባም አንድ የቀን ሠራተኛ ወግቶ ጎኑን ሰብሮታል። ሰዉ በሩን በሳንቃ ዘግቶ፣ አንዱ ለእንስሳት ሐኪም፣ ሌላው ለፖሊስ ደወለ።

የበሬው ባለቤት አያ ገብረ መስቀል በዱላቸው መሬቱን ይቆረቁራሉ። «ልጄ፣ ጆንያው እኮ ማንንም አልወጋም። በሬው ወዲያ ነው።»

«አያ፣ የቀረችኝ የማደንዘዣ መርፌ አንዲት ናት። ያለ ቦታዋ ካረፈች አይተኛም፤ ይብስበታል።»

«ግንቡ ከተናደ እኔ አልጠብቅም» ይላል አምሐ።

ሪሃብ መርፌዎቹን እንደገና ታጎርሳለች። ሁልጊዜ ሲነጋ ከክሊኒኩ ጓሮ የምትለማመደው በአንድ ሕግ ነው፦ ሦስት መርፌ አከታትላ ክቡ ውስጥ ካላስገባች ወደ ኋላ አትርቅም። ከቅርብ ጀመረች። አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ክረምቱን ሙሉ ቆይታ፣ አሁን ከዚያ አትስትም። ሃያ አምስት ላይ ግን አንድ ቀን ሁለት ታስገባለች፣ አንድ ቀን ምንም። ከበሩ እስከ በሬው ደግሞ ሃያ አምስት ነው፤ ጆንያውንም ያቆመችው በዚያው ርቀት ነው።

እንደገና ታነጣጥራለች። የመጀመሪያዋ ገባች። ሁለተኛዋም ገባች። ከጣና በኩል ንፋስ ይመጣል፣ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ ከኋላዋ ሰው ያጉረመርማል። ሦስተኛዋ በጆንያው አናት ታልፋለች።

ከውስጥ ብሎኬት ሲወድቅ ይሰማል። ሰዉ ይሸሻል። አምሐ ክላሹን ያቀባብላል።

«ተው ልጄ» ይላሉ አያ ገብረ መስቀል። «ልጆቼን ያሳደግሁበት በሬ ነው።»

«ታዲያ ትተኩስ።»

ሪሃብ ጠመንጃውን ዝቅ ታደርጋለች። «ከዚህ አልተኩስም።»

«አትችይም?» ይሏታል ሽማግሌው።

«ከዚህ አልችልም፣ አያ። ከአሥራ አምስት እርምጃ ግን እችላለሁ።»

አሥራ አምስት እርምጃ ማለት ከሳንቃው ወዲያ ማለት ነው። ሽማግሌው እሷን ያያሉ፤ ከዚያ ዱላቸውን ከግንቡ አስደግፈው ሳንቃውን ማንሳት ይጀምራሉ።

«ድምፄን ያውቃል። ወዳንቺ አመጣልሻለሁ።»

«ከኋላዬ ይሁኑ እንግዲያ።»

«ከኋላሽ ከሆንሁ የሚመጣው ባንቺ ላይ ነው።»

ተከታትለው ይገባሉ። እሷ በግራ በኩል ከአሸዋው ክምር ጀርባ ትንበረከካለች። እሳቸው ባዶ እጃቸውን መሐል ወለሉ ላይ ይቆማሉ።

«ና ወይኖ» ይላሉ፣ እርሻ ላይ እንዳሉ ሁሉ ረጋ ብለው። «ዞር በል። ትልሙን ያዝ። ትንሽ ናት የቀረችን።»

በሬው ግንቡን መደብደብ ይተዋል። ከአንገቱ ደም ይንጠባጠባል። አንድ ጊዜ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ያጓራል። ሪሃብን ልቧ ተኩሺ ተኩሺ ይላታል፤ ገና ነው። በሬው እንደገና ይራመዳል። ወደ ድምፁ ሲዞር ሙሉ ትከሻው ወደ እሷ ይመጣል፤ ርቀቱም ጓሮዋ ውስጥ በየማለዳው የምታየው ርቀት ነው። እስትንፋሷን እስከ እኩሌታው ታስወጣና ምላጩን ትስባለች።

ፍስ ይላል። የመርፌዋ ቀይ ጭራ ከትከሻው መሐል ይቆማል።

በሬው ዘሎ ወደ ሽማግሌው ይወረወራል። አያ ገብረ መስቀል አይነቃነቁም። «ቀስ። ቀስ ወይኖ» ይላሉ። እጃቸውን ቢዘረጉ የሚነኩት ቦታ ላይ በሬው ይቆማል። ብዙ ይቆያል። ከዚያ የፊት ጉልበቶቹ ይታጠፋሉ፣ ጎኑም ወለሉ ላይ ያርፋል።

ሪሃብ ጉጠቷን ይዛ ትሮጣለች። አምሐ ክላሹን ከግንቡ አስደግፎ ሳይጠሩት ቀንዱን ይይዝላታል። ሽቦው አንድ በአንድ ይቆረጣል። ከበሬው አፍንጫ ፊት የሲሚንቶው አቧራ ቡን ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ቡን ይላል።

አያ ገብረ መስቀል ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ በሬው መተኛቱን ገና አላዩም።

«ዞር በል ወይኖ» ይላሉ። «ትንሽ ናት የቀረችን።»