ስሙ ያልታወቀው አርበኛ

የሰፈራችን የታሪክ ማኅበር፣ ሰባት አባላትና ዘጠኝ ሊቃነ መናብርት ያሉት ማለቴ ነው፣ በቀበሌው አዳራሽ የድሮ ፎቶዎች ሰቅሎ ጋበዘን። መሀል ላይ ጎፈር የደፋ፣ ካባ የደረበ፣ ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ያቀፈ ባለ ሪዝ ሰው አለ። ከሥሩ «ስሙ ያልታወቀ አርበኛ» ይላል። ሦስት ቀን ሳይሞላ ግን ሁለት የልጅ ልጆች አገኘ።

ጎረቤቴ «አያቴ ናቸው፤ ግንባራቸውን አታይም?» ሲል፣ አቶ ሽመክት «ግንባርማ ማን የሌለው አለ? የኔ አያት ናቸው» አለው። ነገሩ ወደ ግብግብ ሲያመራ ማኅበሩ ምስክር ያለው ያቅርብ፤ የረታው ቤተሰብ ስም ከፎቶው ሥር ይጻፋል አለ። ጎረቤቴ ዘሩን ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ስለ ከረመ፣ ከተረታ ቀና ብሎ የሚሄድበት መንገድ የለውም።

በማግስቱ እናቱን፣ እማማ ትርንጎን፣ ደግፎ አመጣቸው።

«እማዬ፣ አባትሽ መሆናቸውን ንገሪልኝ።»

እማማ ትርንጎ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ብዙ ቆዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ሊያለቅሱ ነው ብለን ወንበር አቀረብንላቸው። እሳቸው ግን ለካ እየሳቁ ኖሯል።

«ኧረ ልጄ፣ አባቴ በዕድሜው ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። ይኼማ እኔ ነኝ። ከመዳሬ በፊት ከጓደኞቼ ጋር ፎቶ ቤት ገብተን ስንቀልድ ነው። ልብሱም ጠመንጃውም የፎቶ ቤቱ ነው፤ ሪዙን ፎቶ አንሺው በከሰል ሳለልኝ።»

አቶ ሽመክት የጎረቤቴን ትከሻ ቸብ አደረገና፣

«በል እሺ፣ ረተሃል» አለው።